ላፕቶፑን ሳይሆን ትንሿን ስክሪን እመኑ፦ ትሬዘር ሴፍ 3 አዲስ አበባ ላይ

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገርና የቸኮለ ይሂድ። ትሬዘር ሴፍ 3 የምትባለው ሃርድዌር ዋሌት፣ ማለትም የክሪፕቶ ቁልፍ የምትይዝ ትንሽ መሣሪያ፣ ጥሩ ዕቃ ናት። ላፕቶፑ እንደ አብዛኞቻችን ላፕቶፕ ስንት እጅ ያለፈበት፣ ክራክ ዊንዶውስ የተጫነበት፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ፍላሹን የሚሰካበት ከሆነና ትንሽም ብትሆን ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) ካለው፣ ዋጋዋን ታወጣለች። ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘቱ ግን ሰክቶ መጀመር ብቻ አይደለም። ጣጣው ያለው እሱ ላይ ስለሆነ ይህን ጽሑፍ በአብዛኛው እሱ ላይ ነው የማጠፋው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ። ሃርድዌር ዋሌት ውስጥ ሳንቲም የለም። ሳንቲሙ ብሎክቼይኑ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለው የጋራ መዝገብ፣ ላይ ነው። ዕቃዋ የምትይዘው ገንዘቡን ለማንቀሳቀስ የሚፈርመውን ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ላፕቶፑ «ይህን ያህል ወደዚህ አድሬስ (እንደ ሂሳብ ቁጥር በሉት) ይላክ» ብሎ ይጠይቃል፣ እሷ በራሷ ስክሪን ታሳያችኋለች፣ በተኗን ስትጫኑ እዚያው ውስጧ ትፈርምና ፊርማውን ብቻ ትመልሳለች። ቁልፉ በገመዱ አይወጣም። ማለትም ዕቃዋ የተሠራችው ላፕቶፑ ቫይረስ አለበት ተብሎ ታስቦ ነው። ይህቺን ሐሳብ ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል፤ ካልያዛችሁ ደግሞ ውድ ዕቃ ገዝታችሁም በርካሽ ትበላላችሁ።

ትሬዘርን የሚሠራው ሳቶሺላብስ የሚባል የቼክ ድርጅት ነው፣ ፕራግ ያለ። የመጀመሪያዋን ትሬዘር ያወጡት እ.አ.አ. በ2014 ነው። ሴፍ 3 በ2023 ስትወጣ ዋጋዋ 79 ዶላር ነበር። ሁለት በተን፣ ትንሽ ጥቁርና ነጭ ስክሪን፣ ታይፕ ሲ መሰኪያ። ባትሪ የላትም፣ ብሉቱዝም የላትም። ባትሪ የሌላት መሆኗ እኔን ደስ ይለኛል፤ መሳቢያ ውስጥ ዓመት ብትቀመጥ የሚያብጥ ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው። ይህቺ ፒያሳ ሱቅ ገብታችሁ ከመደርደሪያ የምታነሷት ዕቃ አይደለችም። ቴሌግራም ላይ «ኦርጅናል፣ እጄ ላይ አለ» የሚሉ ሞልተዋል። እኔ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ታዝዛ ውጭ ያለ ዘመድ ቤት ደርሳ፣ እሱ ሲመጣ በሻንጣው ነው የያዘልኝ። ሁላችንም የምናውቀው መንገድ ነው። እሱንም ቢሆን «እንዳትከፍታት» ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ፤ ትንሽ ተቀይሞኛል መሰለኝ።

ለምን ይህን ያህል? የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅቱ ካስፐርስኪ እ.አ.አ. በ2023 ያወጣው ነገር አለ። አንድ ሰው ከታመነ ሻጭ የገዛት የመሰለው ትሬዘር ሞዴል ቲ ፎርጅድ ሆና ተገኘች። ማሸጊያዋ ደህና፣ ሆሎግራሟ ደህና፣ ስትሰካ እንደ ኦርጅናሏ ትሠራለች። ውስጧ ግን ቺፑ ተቀይሯል። አዲስ ምስጢር ቃላት (የቁልፉ ባክአፕ ናቸው፣ የያዛቸው ሰው ገንዘቡን ያንቀሳቅሳል) የምትፈጥር መስላ፣ አስቀድመው ከተዘጋጁ 20 የቃላት ስብስቦች አንዱን ነበር የምትሰጠው። ሌቦቹ ቃላቱን ቀድመው ያውቁታል ማለት ነው። ሰውየው 1.33 ቢትኮይን ሄደበት። ዕቃዋ በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ላይ እንኳ አልተሰካችም ነበር። ስለዚህ ከቴሌግራም ሻጭ ሁለትና ሦስት ሺህ ብር ለማትረፍ መግዛት ቁጠባ አይደለም። «ሁሉንም ሴት አፕ አድርጌልሃለሁ፣ ቃላቱም ወረቀቱ ላይ አሉ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁማ ምንም አትከራከሩ፣ ሰላም ብላችሁ ሂዱ።

ሴፍ 3 ስትመጣ መሰኪያዋ ላይ ሆሎግራም ስቲከር አለ። እሱን እዩት፣ ግን እሱን ብቻ አትመኑት፤ ስቲከር ፎርጅድ ይሠራል። የበለጠ የሚያስተማምነው ሁለት ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ዕቃዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ፈርምዌር፣ ማለትም የውስጥ ሶፍትዌሯ፣ የላትም። መጀመሪያ ስትሰኳት ባዶ መሆኗን ትናገራለች፣ የምትጭኑት እናንተ ናችሁ። ተጭኖባት ከመጣች ሰው ነክቷታል። ሁለተኛ፣ ውስጧ ያለው ሴኪዩር ኤለመንት የሚባለው ቺፕ ኦርጅናል መሆኗን ለሶፍትዌሩ ያረጋግጣል፣ ውጤቱንም ስክሪን ላይ ታዩታላችሁ። ያ ደረጃ ይዘለላል፣ አትዝለሉት።

ላፕቶፑ ላይ የሚጫነው ሶፍትዌር ትሬዘር ስዊት ይባላል። ከየት እንደምታወርዱት ከምንም በላይ ወሳኝ ነው። ጉግል ላይ ፈልጋችሁ ከላይ የመጣውን አትጫኑ፣ ከላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፣ ማስታወቂያ ደግሞ ማንም ይገዛዋል። የድርጅቱን አድራሻ፣ ትሬዘር ነጥብ አይኦ፣ በእጃችሁ ጻፉት። ኢሜይል ላይ የመጣ ሊንክም ያው ነው። እ.አ.አ. በ2022 ድርጅቱ ለደንበኞቹ ኢሜይል የሚልክበት ሜይልቺምፕ የተባለ አገልግሎት ተሰብሮ ለትሬዘር ደንበኞች «አደጋ ደርሷል፣ አዲሱን ስዊት አውርዱ» የሚል ኢሜይል ደርሷቸው ነበር፤ የሚወርደው ስዊት ፎርጅድ ነበር፣ ቃላቱን አስገቡ ይላል። አፕ ስቶር ነው ብላችሁም አትዘናጉ። በ2023 ማይክሮሶፍት ስቶር ላይ የሌጀርን (የትሬዘር ተፎካካሪ ነው) አፕ የመሰለ ፎርጅድ ገብቶ፣ አውርደው ቃላቸውን የጻፉ ሰዎች ወደ 600 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ክሪፕቶ ተበልተዋል። ማይክሮሶፍት ካልጠበቀን የፒያሳ ፋይል ጫኚ ይጠብቀናል ብዬ አላስብም።

ጂፒጂ የሚባለውን የፋይል ፊርማ መመርመሪያ የሚያውቅ ሰው ፋይሉን ከድርጅቱ ፊርማ ጋር ያመሳክር። የድሮ ዩቲዩብ ቪዲዮ የምታዩ ደግሞ «ትሬዘር ብሪጅ አውርዱ» ሲላችሁ ዝለሉት፤ ዕቃዋን ከብሮውዘር ጋር ያገናኝ የነበረው ያ ለብቻው የሚጫን ፕሮግራም ቀርቷል፣ ስዊት ራሱ ያን ሥራ ይሠራል። ኡቡንቱ የምትጠቀሙ ዩዴቭ ሩልስ የሚባለውን መጫን አለባችሁ፣ አለዚያ ላፕቶፑ ዕቃዋን አያያትም። ብሮውዘር ላይም በክሮም ይሠራል። እኔ ግን የዴስክቶፑን እመርጣለሁ፣ ብሮውዘሬ ላይ የጫንኩትን ኤክስቴንሽን ሁሉ ስለማላምነው።

ገመድ። ይህቺ ትንሽ ነገር ስንቱን «ዕቃዋ ተበላሽታለች» አሰኝታለች። መንገድ ላይ የሚሸጡት ብዙዎቹ ገመዶች ቻርጅ ብቻ ያደርጋሉ፣ ዳታ አያሳልፉም። ዕቃዋ ትበራለች፣ ስዊት ግን «ይሰኩ» እያለ ይጠብቃል። አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ ታይፕ ሲ ስለማይኖረው ዳታ የሚያሳልፍ ዩኤስቢ ኤ ወደ ታይፕ ሲ ገመድ ያስፈልጋችኋል። ሞክሩት፦ ስልካችሁን በዚያ ገመድ ሰክታችሁ ፎቶዎቻችሁ ላፕቶፑ ላይ ከታዩ ገመዱ ደህና ነው። የተሰባበረ ሃብ ላይም አትሰኳት፣ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ።

ፈርምዌር ስትጭኑ መብራት ቢጠፋስ የሚል ጥያቄ ከኛ በቀር ማን ይጠይቃል። መልሱ፦ መጀመሪያ ቀን ከሆነ ምንም አትሆንም፤ ውስጧ ገና ቁልፍ የለም፣ እንደገና ትጭናላችሁ። በኋላ አፕዴት ስታደርጉ ግን የተጻፉት ቃላት አጠገባችሁ ይሁኑ። ባትሪው የሞተ፣ መብራት ላይ ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ያለው ሰው ደግሞ አፕዴቱን መብራት በሚመላለስበት ቀን አይጀምር።

ቃላቱ ላይ ስንደርስ ቀስ እንበል። ስዊት አዲስ ዋሌት ስትፈጥሩ 20 ቃል ይሰጣል፤ 12 ወይም 24 መምረጥም ትችላላችሁ። እኔ 24 እመክራለሁ፣ ምክንያቴም እዚሁ ያለንበት ነው። ባለ 20ው በሌሎች ብዙ ዋሌቶች ላይ አይሠራም። ባለ 12ና ባለ 24ው ግን ቢፕ 39 የሚባለው የጋራ ደንብ ስለሆነ ሌጀር ላይም ሌሎችም ላይ ይከፈታል። ፕራግ ያለ ሰው ትሬዘሩ ቢሰበር በሁለት ቀን ሌላ ይመጣለታል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ዘመድ እስኪመጣ ነው የሚጠብቀው። እስከዚያ ጎረቤት ያለውን የሌላ ድርጅት ዕቃ ገዝቶ መክፈት መቻል ትልቅ ነገር ነው።

ቃላቱ የሚታዩት በዕቃዋ ስክሪን ላይ ብቻ ነው፣ ላፕቶፑ ላይ አይመጡም። ይህ ዋናው ነጥብ ነው። ወረቀት ላይ በእጅ ጻፏቸው። ስልክ አታንሱ። ፎቶ ካነሳችሁ ጉግል ፎቶ ባክአፕ ሊያደርገው ይችላል፣ ያኔ የከፈላችሁበት ዕቃ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛውም ቃል በመጀመሪያ አራት ፊደሎቹ ከሌላው ይለያል፣ ስለዚህ እጅ ጽሑፋችሁ ባያምርም ቢያንስ አራቱ ግልጽ ይሁኑ። ስትጨርሱ ስዊት ላይ ባክአፑን ቼክ የምታደርጉበት ቦታ አለ፤ ቃላቱን እዚያው ዕቃዋ ላይ እየመረጣችሁ ታስገባላችሁ። በሁለት በተን 24 ቃል ማስገባት ያሰለቻል፣ እውነቱን ለመናገር ጣት ያደነዝዛል። ግን ገንዘብ ከመግባቱ በፊት አድርጉት። ቃላቱን ኪቦርድ ላይ ጻፉ የሚል ማንኛውም ነገር፣ ስዊት የሚመስል ቢሆን፣ ሰፖርት ነኝ የሚል ሰው ቢሆን፣ ሌባ ነው። ሴፍ 3 ያንን በጭራሽ አትጠይቅም።

ወረቀቱ የት ይቀመጥ? ይህን የውጭ ሰዎች በባንክ ሳጥንና በእሳት መከላከያ ካዝና ነው የሚያወሩት። እኛ ሰፈር ቤት ይፈርሳል፣ ዕቃ በአይሱዙ ይጫናል፣ ካርቶን ይጠፋል፣ ጣሪያ ያፈሳል። ሁለት ቦታ ይሁን፣ አንዱ ቤት ሌላው የምታምኑት ሰው ጋ፣ ታሽጎ። ከመርካቶ ቁራጭ የአሉሚኒየም ላሜራ ገዝታችሁ በምስማር ነጥብ በነጥብ መምታትም ይቻላል፣ ከዝናብም ከእሳትም ይሻላል። ማኅተምና ታፔላ የሚቀርጽ ሱቅ ግን አትውሰዱ። ቃሉን ያየ ሰው ገንዘቡን ያዘ ማለት ነው፣ ቀራጩ ምንም ጥሩ ልጅ ቢሆን።

እዚህ ላይ አንድ አገልግሎትም ልገምግም። ስሙን አልጠራውም። ስታዲየም አካባቢ «ዋሌት ሴት አፕ እናደርጋለን» የሚል የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለ። አንድ ወዳጄን ይዤ ገባሁ፣ እሱ ለራሱ ገዝቶ ማገናኘቱ ከብዶት ነበር። ልጁ ትሁት ነው፣ ሻይ ጋበዘን። ከዚያ ዕቃዋን ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሰካና «ወንድሜ፣ ቃላቱን እኔ ልጻፍልህ፣ ቴሌግራምህ ሴቭድ ሜሴጅ ላይ አስቀምጥልሃለሁ፣ እንዳይጠፋብህ» አለ። ወዳጄ አመሰግናለሁ ሊል ነበር። ልጁ ሌባ ነው አላልኩም፤ የሚመስለኝ በቅንነት ነው ያለው። ግን ለዚያ አገልግሎት ብር ከፍሎ የሚወጣ ሰው ቁልፉን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ ነው የሚወጣው። ነቅለን ወጣን። ቤቱ ሄደን ከባዶ ጀመርነው። እርዳታ ከፈለጋችሁ ረጂው ስዊትን ይጫን፣ ገመዱን ይሞክር፣ የቃላቱ ሰዓት ሲደርስ ከክፍሉ ይውጣ። አይወጣም ካለ እናንተ ውጡ።

የሰው ኮምፒውተር ላይ መሰካት ሌላም ጣጣ አለው። ቁልፉ አይሰረቅም፣ ልክ ነው። ስዊት ግን ሂሳባችሁን ለማሳየት ከዕቃዋ የሚያነበው መረጃ አለ፣ በእሱ ምን ያህል እንዳላችሁና ታሪካችሁን ሁሉ ማየት ይቻላል። ዕቃዋ ከተነቀለች በኋላም ሂሳቡ እንዲታይ የሚተው ምርጫ አለ። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ይመቻል፣ በሰው ላፕቶፕ ላይ አጥፉት። ስንት እንዳላችሁ ያወቀ ሰው ቫይረስ አያስፈልገውም።

ፒኑን ሴፍ 3 ላይ በራሷ በተን ነው የምታስገቡት፣ ስለዚህ ኪቦርድ የሚሰልል ቫይረስ ቢኖር ምንም አያገኝም። ብዙ ጊዜ ከተሳሳተ ውስጧ ያለውን ሁሉ ታጠፋለች። ሌጀር 3 ጊዜ ነው የሚሰጠው። ሰርቆ የሚሞክር ሌባ በሁለቱም አይወጣለትም፣ ነገር ግን ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ የትሬዘር ይሻላል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሸወድበት ቦታ። ላፕቶፓችሁ ላይ ክሊፐር የሚባል ቫይረስ ካለ፣ አድሬስ ኮፒ ስታደርጉ ፔስት የሚሆነው የሌባው አድሬስ ነው። ሳታዩት። ዕቃዋ ይህን አትከለክልም! እሷ የምታደርገው ገንዘቡ በእርግጥ የሚሄድበትን አድሬስ በስክሪኗ ማሳየት ነው። ላፕቶፑ ሊዋሻችሁ ይችላል፣ እሷ ግን የምትፈርመውን ነው የምታሳየው። ከዚያ ማንበብ የእናንተ ሥራ ነው። ሰው ይቸኩላል፣ የመጀመሪያውን አራትና የመጨረሻውን አራት አይቶ ይጫናል። ሌቦቹም ይህን ስለሚያውቁ ጫፍና ጫፉ የሚመሳሰል አድሬስ ፈጥረው ትንሽ ሳንቲም ይልኩላችኋል፣ ታሪክ ውስጥ እንዲቀመጥና በኋላ ከዚያ ኮፒ እንድታደርጉ። ስለዚህ መሃሉንም አንብቡ። ከምን ጋር ነው የምታመሳክሩት? ከላፕቶፑ ጋር ሳይሆን ተቀባዩ በሌላ መንገድ ከላከላችሁ ጋር፤ ደውሎ ቢያነብላችሁ ይመረጣል። ገንዘብ ስትቀበሉም ያው ነው፤ ስዊት አድሬሱን ዕቃዋ ላይ እንድታዩት ይጠይቃችኋል፣ እሱንም አትዝለሉ። ትልቅ ገንዘብ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ላኩ።

ስለ ካፌ ዋይፋይ ብዙ ሰው ይጠይቃል። አራት ኪሎ ካፌ ተቀምጦ መሰካት ቁልፉን አያወጣም። እኔ ግን የስልኬን ዳታ እጠቀማለሁ፣ ዋናው ምክንያቴ ዋይፋዩ ሳይሆን ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ነው።

የማይጥመኝ ልናገር። ስክሪኗ ትንሽ ናት፣ ረጅም አድሬስ በገጽ በገጽ ነው የሚታየው፣ ሰውን የሚያቻኩለውም እሱ ነው። ፓስፍሬዝ የሚባለውን ተጨማሪ ቃል ዕቃዋ ላይ ማስገባት በሁለት በተን ሥቃይ ነው። ሰዎች ሰልችቷቸው ኪቦርድ ላይ ይጽፉታል፣ ያኔ ላፕቶፑ አየው። እንዲህ ከሆነ ለትልቋ ለሴፍ 5 መጨመር ያዋጣል፣ እሷ ተች ስክሪን ናት።

ቺፑስ ይሰበራል ወይ? የድሮዎቹ ትሬዘሮች ላይ የክራከን (የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት ነው) የደኅንነት ቡድን እ.አ.አ. በ2020 ዕቃዋ እጁ ከገባች በ15 ደቂቃ ገደማ ቃላቱን ማውጣት እንደሚቻል አሳይቷል። ሴፍ 3 ሴኪዩር ኤለመንት የተጨመረላት ይህን ዓይነቱን ለመዝጋት ነው። ስለዚህ ያገለገለች ትሬዘር ዋን (የመጀመሪያዋ ሞዴል) በርካሽ አለ ቢሏችሁ፣ በሁለት ምክንያት ይቅርባችሁ።

ሕጉን በተመለከተ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸም እንዳልተፈቀደ አስታውቋል። ዕቃዋ ይህን አትቀይረውም። ምን እንደምታደርጉ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሌጀር ወይስ ትሬዘር ለሚለው፣ እኔ ትሬዘርን የመረጥኩት ፈርምዌሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነና ማንም ሊመረምረው ስለሚችል ነው። ሌጀር እ.አ.አ. በ2020 ከ270 ሺህ በላይ ደንበኞቹ ስምና የቤት አድራሻ አምልጦበት፣ በቀጣዩ ዓመት ለአንዳንዶቹ ፎርጅድ ሌጀር በፖስታ እስከ ቤታቸው ድረስ ተልኮላቸዋል። ይህ እንግዲህ ከቺፑ ጥንካሬ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ግን ስታዝዙ የማንን አድራሻ እንደምትሰጡ እንድታስቡ ያደርጋል። በሌላ በኩል እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚይዘው ቢትኮይን ሳይሆን ትሮን በሚባል ሌላ ብሎክቼይን ላይ ያለ ዩኤስዲቲ፣ ማለትም ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ሳንቲም፣ ነው። ሌጀር ትሮንን ይይዛል። ትሬዘር ለረጅም ጊዜ አልያዘም ነበር፣ ስለዚህ የምትይዙት ትሮን ላይ ብቻ ከሆነ የድርጅቱን የሳንቲም ዝርዝር ሳታዩ ዘመዳችሁን አታስቸግሩ።